ገብሱ ተቀላቀለ፤ ባለቤትነቱስ?

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የገብስ ማበጠሪያና መጋዘን ይዘን የምንሠራ ሰዎች ነን። ከሁለት የገበሬ ማኅበራትና ከአንድ ነጋዴ የቢራ ገብስ ተረክበን እናበጥራለን፤ ለብቅል ፋብሪካ እስኪጫን ድረስም እናስቀምጣለን። ገብሱ የእኛ አይደለም፤ የምናስከፍለው የአገልግሎት ብቻ ነው። ሲገባ ለእያንዳንዱ የራሱን የባች (ለብቻው የተመዘገበ ክምር) ቁጥር እንሰጣለን። ሲበጠር ግን ሦስቱ ባች ይቀላቀልና አዲስ ባች ይከፈታል። ሶፍትዌራችን ለአንድ ባች አንድ ባለቤት ብቻ ስለሚቀበል የመጨረሻውን ስም ይይዛል፤ ሌሎቹ ይጠፋሉ። 600 ኩንታል አስገብተን 575 ኩንታል ወጣ። አሁን 200 ኩንታል ሊጫን ነው። የሚጫነው የማን ነው? የሚቀረውስ? ፕሮግራመራችን ባለቤት በሚለው ሳጥን ውስጥ ሦስቱንም ስም በኮማ ልጻፋቸው ይላል።»

መልስ፦ ስሞቹን በኮማ መደርደሩን ተዉት። ሦስት ስም ተጽፎ ለማን ስንት ኪሎ እንደሆነ ካልታወቀ መዝገብ ሳይሆን የክርክር መነሻ ነው የሚሆነው። ዛሬ ሁሉም ይስማማል። የገብስ ዋጋ ከፍ ባለ ቀን ግን እያንዳንዱ «የእኔ ይበልጣል» ብሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

የችግሩ ሥር ያለው የባለቤቱ ስም የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ሶፍትዌራችሁ ባለቤትን የያዘው እንደ ዝርያው ወይም እንደገባበት ቀን፣ የባቹ መለያ አድርጎ ነው። ዝርያ ለአንድ ባች አንድ ነው፤ ሆልከር የተባለው የቢራ ገብስ ከሆነ ሁሉም ሆልከር ነው። ባለቤትነት ግን በባቹ ውስጥ ያለ የኪሎ ሒሳብ ነው። አንድ ባች ሦስት ባለቤት ካለው ሦስት መስመር ይኖረዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የባች ቁጥር፣ የባለቤት ስምና ኪሎ ይጻፋል። ይህ ከተስተካከለ የቀረው ይቀላል። ካልተስተካከለ ግን የቱንም ያህል ውድ ሶፍትዌር ቢገዛ ያው ነው።

ሕጉም በዚሁ መንገድ ነው የሚያየው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተለያዩ ሰዎች ንብረት ተቀላቅሎ ያለ ጉዳት ወይም ያለ ብዙ ድካምና ወጪ መለየት ካልተቻለ፣ ሰዎቹ የጋራ ባለቤቶች ይሆናሉ የሚል መርህ አለው። ድርሻቸው የሚሰላው በተቀላቀለበት ጊዜ እያንዳንዱ ባመጣው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ «ዋጋ» የምትለዋን ልብ በሏት። ኩንታል ለኩንታል ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ የእናንተ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነውና።

ከየት መጣ እና የማን ነው

ብዙ መጋዘኖች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ መዝገብ ሊመልሱ ይሞክራሉ። አይሆንም።

አንደኛው ማኅበር በቅልቅሉ ውስጥ ያለውን ድርሻ ነገ ሙሉ በሙሉ ሸጦ ጨረሰ እንበል። በባለቤትነት መዝገቡ ላይ ዜሮ ይሆናል። ነገር ግን ከክምሩ ላይ የተጫነው ገብስ የእሱ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ ከሦስቱም የተቀላቀለ ነው። የእሱ ማሳ ገብስም እዚያው ክምር ውስጥ ቀርቷል። ከወር በኋላ ብቅል ፋብሪካው «ብቅለቱ ዝቅ ብሏል» ወይም «ነቀዝ አገኘንበት» ቢላችሁ የምትሄዱት ወደ ሦስቱም ነው፤ በመዝገቡ ዜሮ ወዳለውም ጭምር። እንግዲህ የባለቤትነት መዝገቡ «ምንም የለውም» ሲል የምንጭ መዝገቡ «አለበት» ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ስለዚህ ለየብቻ ያዟቸው። የምንጭ መዝገቡ የትኛው ባች ከየትኞቹ ባቾች እንደተሠራ ብቻ ይናገራል። አንዴ ከተጻፈ በሽያጭ አይለወጥም። የባለቤትነት መዝገቡ ደግሞ በየገቢውና በየወጪው ይንቀሳቀሳል። ስቶር ኪፐሩ በቢን ካርድ (በየክምሩ ላይ በሚንጠለጠለው የገቢና ወጪ ካርድ) ላይ የሚጽፈውም ከሁለቱ የተለየ ነው። እሱ የሚቆጣጠረው በቦታው ላይ ስንት ኪሎ እንዳለ ነው፤ የማን እንደሆነ ከቢን ካርድ ላይ መጠየቅ የለበትም።

600ው እንዴት 575 ሆነ

ቁጥሮቻችሁን ልውሰድና የጎደለውን ዝርዝር በምሳሌ ልሙላው። አንደኛው ማኅበር 300 ኩንታል፣ ሁለተኛው ማኅበር 180፣ ነጋዴው 120 ኩንታል አስገቡ። ድምሩ 600 ነው። ሲገባ ከየጭነቱ ናሙና ተወስዶ ግርዱ ተለካ፤ የአንደኛው 2 በመቶ፣ የሁለተኛው 6 በመቶ፣ የነጋዴው 3 በመቶ ሆነ። ከተበጠረ በኋላ ንጹሑ 575 ኩንታል ተመዘነ።

በጥድፊያ የሚሠራው ሒሳብ 575ን በ300፣ በ180 እና በ120 ልክ ማካፈል ነው። ለአንደኛው 287.5፣ ለሁለተኛው 172.5፣ ለነጋዴው 115 ኩንታል ይደርሳል። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ማኅበር ያመጣው ድንጋይ፣ ገለባና እንክርዳድ በሌሎቹ ንጹሕ ገብስ ተተክቶለታል።

ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ እያንዳንዱ ያመጣውን ንጹሕ ገብስ ማስላት ነው። ከ300ው 2 በመቶ ሲቀነስ 294፣ ከ180ው 6 በመቶ ሲቀነስ 169.2፣ ከ120ው 3 በመቶ ሲቀነስ 116.4 ኩንታል ይቀራል። ድምሩ 579.6 ነው። የወጣው ግን 575 ነው። ልዩነቱ 4.6 ኩንታል ሲሆን በብናኝነት የሄደ፣ ከግርዱ ጋር ያመለጠ ፍሬና የመሳሰለው ነው። ይህ የማንም ጥፋት ስላልሆነ ለሦስቱም እንደ ንጹሕ ገብሳቸው ልክ ይከፋፈላል። የእያንዳንዱን ንጹሕ ኪሎ በ575 አባዝቶ ለ579.6 ማካፈል ነው። ውጤቱ በኪሎ ሲጻፍ ለአንደኛው 29,167፣ ለሁለተኛው 16,786፣ ለነጋዴው 11,547 ይሆናል። ሲደመር ልክ 57,500 ኪሎ ነው።

አሁን ሁለቱን አካሄዶች አነጻጽሯቸው። በጥድፊያው ሒሳብ ሁለተኛው ማኅበር 464 ኪሎ የማይገባውን ያገኝ ነበር። ከዚህ ውስጥ 417 ኪሎው ከአንደኛው ማኅበር፣ 47 ኪሎው ከነጋዴው የተወሰደ ነው። ከአራት ኩንታል በላይ ገብስ ከገበሬዎች ጎተራ ወጥቶ ወደ ሌሎች ገበሬዎች ጎተራ ገባ ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳይሰርቅ። በአንድ ዙር ይህን ያህል ከሆነ በመኸሩ ሙሉ ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት። ንጹሕ አድርጎ ያመጣ ገበሬ የሚቀጣበት አሠራር ደግሞ በዓመቱ ንጹሕ የሚያመጣ ሰው ያሳጣችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ናሙናው ገብሱ ሳይቀላቀል ከተወሰደ ብቻ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ የማን ግርድ ስንት እንደነበር የሚነግራችሁ መሣሪያ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። የመንዝ ሱፍ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ያልታጠበ ሱፍ ሲታጠብ ቅባቱና አፈሩ ስለሚለቅ ክብደቱ በብዙ ይቀንሳል፤ የቅነሳው መጠንም ከአንዱ በግ መንጋ ወደ ሌላው ይለያያል። ሳይታጠብ በኪሎ ተቀላቅሎ በኪሎ ቢካፈል አፈር ያመጣው ነው የሚጠቀመው።

እርጥበቱም ያው ነው

ደብረ ብርሃን ብርዳምና ጭጋጋም ናት። ከጫጫም ሆነ ከባሶና የሚመጣው ገብስ፣ በተለይ ዝናብ አግኝቶት ከተወቃ፣ እርጥበቱ አንዱ ከሌላው በደንብ ይለያያል። የቢራ ገብስ ለክምችት አብዛኛውን ጊዜ 13 በመቶና ከዚያ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ካለፈ ይሞቃል፤ ይሻግታል። የመብቀል ኃይሉም ይሞታል። ያልበቀለ ገብስ ብቅል አይሆንም።

14 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ወደ 12.5 በመቶ ቢደርቅ ስንት ይቀራል? ብዙ ሰው አንድ ተኩል ቀንሶ 98.5 ይላል። ትክክለኛው ግን 98.29 ገደማ ነው። ምክንያቱም የማይለወጠው ደረቁ አካል ነው፤ ከ100 ኩንታል ውስጥ 86ቱ። እሱ ሳይነካ 87.5 በመቶ የሚሆንበትን ክብደት ነው የምትፈልጉት፤ 86ን ለ0.875 ማካፈል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በሺህ ኩንታል ግን ከሁለት ኩንታል በላይ ነው። እኔ የምመክረው ሁሉንም ገቢ በአንድ መነሻ እርጥበት፣ ለምሳሌ በ12.5፣ ወደሚሆነው ኪሎ ቀይሮ የባለቤትነት መዝገቡ ላይ ማስገባት ነው። የሚዛኑ ኪሎ በገቢ ደረሰኙ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ድርሻ የሚሰላው ግን በተስተካከለው ነው። የጆንያውን ክብደት መቀነስም እንዳይረሳ።

መዝገቡ ላይ ምን ይጻፋል

ከላይ ያለውን ውህደት ሶፍትዌሩ ውስጥ እንዲህ ታስገቡታላችሁ። የመጡት ባቾች ገ-41፣ ገ-42 እና ገ-43 ይባሉ፤ አዲሱ ብ-7።

ገ-41፣ አንደኛው ማኅበር፣ ወጪ 30,000፤ ብ-7፣ አንደኛው ማኅበር፣ ገቢ 29,167፤ ግርድና ብክነት 833።
ገ-42፣ ሁለተኛው ማኅበር፣ ወጪ 18,000፤ ብ-7፣ ሁለተኛው ማኅበር፣ ገቢ 16,786፤ ግርድና ብክነት 1,214።
ገ-43፣ ነጋዴው፣ ወጪ 12,000፤ ብ-7፣ ነጋዴው፣ ገቢ 11,547፤ ግርድና ብክነት 453።

በየመስመሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሠራው ሰው ስምና የሰነዱ ቁጥር ይኖራል። ገ-41፣ ገ-42 እና ገ-43 ይዘጋሉ እንጂ አይሰረዙም። ባለቤት የሚለው ሳጥንም ከባቹ ገጽ ላይ ይነሳል፤ ማንም በእጁ የሚሞላው ነገር መሆን የለበትም። የብ-7 ባለቤቶች እነማን ናቸው ሲባል ሶፍትዌሩ መስመሮቹን ደምሮ ይመልስ።

ለፕሮግራመራችሁ አንድ የማይታለፍ ደንብ ስጡት። የባለቤቶቹ ኪሎ ድምር ሁልጊዜ ከባቹ ኪሎ ጋር እኩል ይሁን። እኩል ካልሆነ ሶፍትዌሩ መመዝገብ የለበትም። ውህደቱም አንድ ድርጊት ሆኖ ይግባ፤ ወይ ሁሉም መስመር ይገባል፣ ወይ አንዱም አይገባም። መብራት በመሐል ቢጠፋ የሁለት ባለቤት ገብቶ የአንዱ የቀረበት ባች ማግኘት የለባችሁም። ውህደቱ እየተመዘገበ ሳለም ከእነዚያ ባቾች የወጪ ሰነድ እንዳይቆረጥ ይቆለፍ።

ስለ ሰዓትና ቀን ሳላነሳ አላልፍም። በግምጃ ቤት «3 ሰዓት ላይ ተጫነ» ሲባል ጠዋት ነው፤ ኮምፒውተሩ 3 ሰዓት ሲል ሌሊት ነው። ሶፍትዌሩ በውስጡ አንድ ሰዓትና አንድ የቀን አቆጣጠር ብቻ ይያዝ፤ ለሰው ሲያሳይ ግን በእኛ አቆጣጠር ይቀይረው። የውህደትና የጭነት ቅደም ተከተል የተምታታበት መዝገብ ማንንም አይረዳም።

ቁጥሮቹን ስታጠጋጉ ደግሞ አንድ ሁለት ኪሎ ይተርፋል ወይም ይጎድላል። በምሳሌያችን ክፍልፋዩ ተቆርጦ ሲደመር 57,498 ኪሎ ነው የሚመጣው፤ 2 ኪሎ ይቀራል። ያን ለደስ ያላችሁ ሰው አትስጡ። ክፍልፋዩ ትልቅ ለነበረው አንድ አንድ ኪሎ ይጨመር፤ እዚህ ለሁለቱ ማኅበራት ደርሷል። ደንቡ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተጽፎ ሁልጊዜ ያው ይሁን።

ግርዱንም አትርሱት። ከ25 ኩንታሉ ውስጥ 21 ኩንታሉ ተመዝኖ ለከብት መኖ የሚሸጥ ቢሆን ያም ባለቤት አለው። በየሰው ብክነት ልክ ሲከፋፈል 700፣ 1,020 እና 380 ኪሎ ይደርሳቸዋል። የአገልግሎት ዋጋችሁን በገብስ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ እናንተም እንደ አራተኛ ባለቤት በመስመር ትገባላችሁ።

200 ኩንታሉ የማን ነው

ይህን ጥያቄ ሶፍትዌሩ ሊመልሰው አይገባም፤ የሚመልሰው የጭነት ትእዛዙ ነው። «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» የሚለውን ደንብ እዚህ ለመጠቀም የሚሞክሩ አሉ። ያ ደንብ ለአካሉ ነው፤ እህል እንዳያረጅ ነው። ማን ሸጠ የሚለውን አይወስንም። ቀድሞ ስላስገባ ብቻ የሰው ገብስ ሳይጠየቅ ሊሸጥበት አይችልም።

ሁለት ሁኔታ ነው ያለው። አንደኛው ማኅበር ብቻውን ውል ገብቶ 200 ኩንታል እየሸጠ ከሆነ 20,000 ኪሎው ከእሱ መስመር ብቻ ይቀነሳል። 9,167 ይቀረዋል። የሁለተኛው 16,786 እና የነጋዴው 11,547 ሳይነኩ ይቆያሉ። ድምሩ 37,500 ኪሎ፤ ከክምሩ ጋር ይገጥማል። ሦስቱ በጋራ ለአንድ ገዢ እየሸጡ ከሆነ ግን እንደ ድርሻቸው ይቀነሳል፤ 10,145፣ 5,839 እና 4,016 ኪሎ። ገንዘቡም በዚያው ልክ ይከፈላል። የትኛው እንደሆነ በወጪ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ መኪናው አይጫን። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ከድርሻው በላይ የሚያዝዝ ባለቤት ሲመጣም ክምሩ ሙሉ ነው ተብሎ እንዳይሰጠው። ሁለተኛው ማኅበር 200 ኩንታል ቢጠይቅ ክምሩ ላይ 575 አለ፤ የእሱ ግን 168 እንኳ አይሞላም። ሶፍትዌሩ የሚከለክለው በባለቤቱ መስመር እንጂ በባቹ ድምር መሆን የለበትም። ባንክ በገብሱ ላይ ብድር ሰጥቶ ከሆነም በዚያ ባለቤት መስመር ላይ «የተያዘ» የሚል ምልክት ይደረግ፤ የሌሎቹ ሥራ ሳይቆም የእሱ ብቻ ይታገዳል።

ድርሻን በመቶኛ መያዝ የሚፈልጉም አሉ። ለሪፖርት ጥሩ ነው፤ ለመዝገብ ግን አይሁን። አንደኛው 200ውን ከሸጠ በኋላ ከ37,500ው ውስጥ ያለው 9,167 ኪሎ 24.4 በመቶ ነው። በማግስቱ ሁለተኛው ማኅበር 100 ኩንታል ንጹሕ ገብስ በዚያው ክምር ላይ ቢጨምር የአንደኛው ድርሻ ወደ 19.3 በመቶ ይወርዳል። አንድ ኪሎ አልወጣበትም። ያን የሚያይ የማኅበር ሊቀመንበር «ገብሳችን ቀነሰ» ቢል አይፈረድበትም። ኪሎውን ያዙ፤ መቶኛው ሲፈለግ ይሰላል።

ምን አትቀላቅሉ

ሆልከርና ትራቬለር የቢራ ገብስ ናቸው፤ ግን አይቀላቀሉ። ውሃ የሚጠጡበትና የሚበቅሉበት ፍጥነት ስለሚለያይ ብቅል ፋብሪካዎች ዝርያው ያልተደበላለቀ ገብስ ነው የሚፈልጉት። ሶፍትዌሩ ዝርያቸው የተለያየ ሁለት ባቾች እንዳይዋሃዱ ይከልክል። ይህ ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ የምንጃር ነጭ ጤፍና ሠርገኛ ጤፍ፣ የሞረትና ጅሩ ስንዴ በየደረጃው፣ የሸዋ ሮቢት ማሾም በዚሁ ደንብ ይሄዳሉ። ዘር የሚሆን እህል ደግሞ በምንም ምክንያት አይቀላቀል፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ያንኑ ፍሬ እንጂ አምሳያውን አይደለም።

በደረጃ መቀላቀል በራሱ ነውር አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘንም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ አስቀማጩ የራሱን ጆንያ ሳይሆን ያንኑ ደረጃና ያንኑ መጠን ነው የሚያገኘው። እዚያ የሚሠራው ግን ደረጃው አስቀድሞ ስለሚለካ ነው።

እናንተም ከማቀላቀላችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። አንድ ገጽ ይበቃል። ገብሱ እንደሚቀላቀል፣ ድርሻ በምን እንደሚሰላ፣ የተፈጥሮ ብክነት እስከ ስንት በመቶ እንደሚታገሥ ይጻፍበት። ከዚያ ያለፈ ጉድለት ቆጠራ ላይ ከተገኘ የመጋዘኑ ዕዳ ነው፤ በባለቤቶቹ መስመር ላይ ዝም ብሎ አይቀነስም። ይህ ለእናንተ ከባድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰው እህሉን አምኖ የሚያስቀምጠው እንዲህ ላለ መጋዘን ነው።

የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር

የትኛውን እንደምትጠቀሙ አልነገራችሁኝም። ኦዱ (Odoo) የተባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ከሆነ መፍትሔው በእጃችሁ ነው፤ በኢንቬንቶሪ ቅንብሩ ውስጥ ኮንሳይንመንት (የሌላ ሰው እቃ በአደራ መያዝ) የሚለውን ክፈቱት። ኦዱ ባለቤትን የሚይዘው በባቹ ላይ ሳይሆን በመጠኑ ላይ ስለሆነ አንድ ባች ብዙ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። የሌላ ሰው የሆነው እቃም በእናንተ የንብረት ዋጋ ውስጥ አይቆጠርም፤ ገብሱ የእናንተ ስላልሆነ ይህ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ትልቅ ነገር ነው። ማበጠሩን እንደ ማምረቻ ትእዛዝ ካስኬዳችሁት ግን የወጪው ባለቤት በሦስት መስመር በትክክል መተላለፉን በሙከራ ዳታቤዝ ላይ አስቀድማችሁ ፈትሹ። ይህን ሳትፈትሹ በእውነተኛው ላይ አትጀምሩ።

ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ከሆናችሁ ባለቤትነቱን እዚያ ውስጥ ለማስገባት አትታገሉ። ሒሳቡ እዚያው ይቀጥል፤ የባለቤትነት መዝገቡን በኤክሴል ያዙት። ከላይ ያሳየሁት ዓይነት መስመር አንድ ሉህ ላይ፣ በፒቮት (በኤክሴል ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) ደግሞ በባችና በባለቤት መደመር። ሉሁን የሚጽፍ አንድ ሰው፣ የሚያይ ሌላ ሰው ይሁን፤ የተጻፈ መስመር አይፋቅ። ስህተት ሲገኝ በተቃራኒ መስመር ይታረማል። ውህደቱ ራሱ በስህተት የተመዘገበ ከሆነም እንዲሁ ነው። ከአዲሱ ባች ምንም ካልወጣ ተቃራኒ መስመር ጽፋችሁ ወደነበረበት ትመልሱታላችሁ። አንድ ጭነት ከወጣ በኋላ ግን ድርሻን በስምምነት ማረም እንጂ ውህደቱን መመለስ አይቻልም።

አሁን ያለው ክምር

ዛሬ የመጨረሻው ሰው ስም የተጻፈበት ባች አላችሁ። መጀመሪያ የሦስቱንም ገቢ ደረሰኝ አውጡ፤ የሚዛን ወረቀቱ ካለ ችግር የለም። የግርድና የእርጥበት ልኬት በየደረሰኙ ላይ ካለ ከላይ ባለው መንገድ አስሉት። ልኬቱ ካልተወሰደ ግን ገምታችሁ አትሙሉት። በጥሬ ኩንታሉ ልክ ማካፈል ብቻ ነው የሚቀራችሁ፤ ያም ደግሞ ሦስቱ ባለቤቶች እያወቁት ፈቅደው ሲፈርሙ ብቻ ነው።

ከዚያ ክምሩን በሦስቱ ተወካዮች ፊት አስመዝኑ። 575ቱ በርግጥ 575 መሆኑ ከታየ በኋላ የእያንዳንዱን ኪሎ በመክፈቻ ሒሳብነት ጻፉ፤ ቃለ ጉባኤው በአራት ቅጂ ይሁን፤ ሦስቱ አንድ አንድ ይያዙ፤ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር። የመጨረሻው ስም የተጻፈበትን መስመር አታጥፉት፤ «በቃለ ጉባኤ ቁጥር እንዲህ ተተክቷል» የሚል መስመር ከሥሩ ጨምሩ። 200 ኩንታሉን የሚጭነው መኪና ግቢ ገብቶ ቢጠብቅም ይጠብቅ። ይህ ሥራ ከጭነቱ በፊት ያልቃል፤ ከጭነቱ በኋላ ግን ከዚያ ክምር ላይ ማንም ሙሉውን መዝኖ ሊያስረዳችሁ አይችልም።